ሰርቨርን የሚያስደፍረው የሙከራው ብዛት አይደለም፦ በቤት ሰርቨር ጥበቃ ላይ ለቀረበ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ፋይላቸውን፣ ፎቶግራፋቸውን ወይም ድረ ገጻቸውን በቤታቸው ባስቀመጡት ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የተጻፈ አንድ የጥበቃ ምክር ሰሞኑን በብዙዎች ዘንድ ሲጠቀስ አይቻለሁ። ምክሩ በርቀት መግቢያው፣ ማለትም በኤስኤስኤች በኩል፣ ሌት ተቀን የሚደርሰውን የይለፍ ቃል ሙከራ ስለ መከላከል ሲሆን ስድስት ነጥቦች አሉት። የቤት ሰርቨርን ለይቶ የሚያጠቃ ስለሌለ መደናገጥ አይገባም፤ ፖርቱን፣ ማለትም አገልግሎቱ ግንኙነት የሚቀበልበትን የበር ቁጥር፣ ከ22 ወደ ሌላ መቀየር አብዛኛውን ችግር ይፈታል፤ ደጋግሞ የሚሳሳትን አድራሻ የሚያግደውን ፌይልቱባን የተባለ ፕሮግራም መጫን የቀረውን ይጨርሳል፤ ከውጭ አገር የሚመጡ አድራሻዎችን በጅምላ መዝጋት ይገባል፤ ረጅም የይለፍ ቃል ያለው ሰው በቁልፍ፣ ማለትም በይለፍ ቃል ፈንታ በኮምፒውተሩ ላይ በተቀመጠ የሚስጥር ፋይል፣ መግባት አያስፈልገውም፤ በመጨረሻም በደህና የሚሠራን ሰርቨር በየጊዜው እያዘመኑ መነካካት ጉዳቱ ያመዝናል ይላል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ከስድስቱ ፍጹም ስሕተት የምለውም የመጨረሻውን ብቻ ነው። የቀሩት አምስቱ በየራሳቸው መጠነኛ እውነት እያላቸው፣ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን አንባቢውን ወደማይሆን መደምደሚያ ይወስዱታል፤ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ጥበቃን የሚለካው በሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፋይል፣ ላይ የሚታየው የሙከራ ቁጥር በመቀነሱ ነውና። ቁጥሩ ከአሥር ሺህ ወደ አሥር ቢወርድና ከአሥሩ አንዱ ቢሳካ ሰርቨሩ ተደፍሯል፤ ሚሊዮን ሙከራ ቢደርስና አንዱም ሊሳካ የማይችል ቢሆን ግን የሚከተለው ጉዳት ከሎጉ ፋይል መወፈር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሙከራው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ በግምት ሊገኝ የሚችል ነገር መግቢያው ላይ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ለይቶ የሚያጠቃ የለም የሚለው አባባል ትክክል ነው፤ ከእሱ የተወሰደው መጽናኛ ግን ትክክል አይደለም። በአይፒ ሥሪት 4፣ ማለትም በነባሩ የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ፣ ያሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋ ያደረጉት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ፣ አንድ ኮምፒውተር በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህን ሁሉ አድራሻ በአንድ ፖርት ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያዳርስ እንደሚችል አሳይቷል። ሁሉንም ማዳረስ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ አጥቂው ለመምረጥ የሚደክምበት ምክንያት የለም። የማን ቤት እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አይሻም፤ የቤት ሰርቨር ከዚህ ጅምላ አሠራር የሚያመልጥበት አንዳችም ምክንያት አይኖርም።

ሎጉን ቀረብ ብሎ ላነበበው ይህ ፍንትው ብሎ ይታያል። እያንዳንዱ መስመር ሰዓቱን፣ የተሞከረውን የተጠቃሚ ስም፣ ሙከራው የመጣበትን አድራሻና ፖርት ይዟል፤ ስሞቹን ወደ ታች ሲከተሏቸው «ሩት» (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ)፣ «አድሚን»፣ «ኡቡንቱ»፣ «ቴስት»፣ «ፖስትግሬስ»፣ «ጊት»፣ «ፓይ» እያሉ ይቀጥላሉ። አብዛኞቹ፣ ሰዎች ጭነው የሚረሷቸው ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች ይዘዋቸው የሚመጡ ስሞች ናቸው። «ፓይ» የራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተሮች ሥርዓት ሁሉም ከሚያውቀው የይለፍ ቃል ጋር ለዓመታት ይዞት ይመጣ የነበረ ተጠቃሚ ነው፤ አዘጋጆቹ ያስቀሩት በኤፕሪል 2022 ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር እጅግ ብዙ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጥሮ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዳይን የተባለ ድርጅት ባጠቃ ጊዜ በእጁ የነበረው ስልት 60 ገደማ የሚሆኑ የታወቁ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች ብቻ ነበር። ከእነዚያ መሣሪያዎች ባለቤቶች አንዳቸውንም ለይቶ የፈለጋቸው አልነበረም። የተደፈረ የቤት ሰርቨርም ቢሆን ክሪፕቶ እንዲያመርት ይደረጋል፣ ወይም በባለቤቱ አድራሻ ሌሎችን ያጠቃል፣ ወይም ከእሱ ጋር በአንድ መረብ ላይ ወዳሉት ላፕቶፖችና ስልኮች መሸጋገሪያ ይሆናል።

ፖርት መቀየርን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በሰጡት ክብደት ላይ እንጂ በድርጊቱ ላይ አይደለም። ፖርቱን የቀየረ ሰው ሎጉ ጸጥ ሲልለት ያያል፤ ይህ ጥቅም አለው፣ ጫጫታው ሲቀንስ በእውነት ሊታይ የሚገባው መስመር ይታያልና። ይሁን እንጂ ያሉት ፖርቶች 65,535 ብቻ ናቸው፤ በተለይ 2222ን የመረጠ ሰው ከ22 ቀጥሎ የሚሞከረውን ቁጥር መርጧል። ሚራይ ራሱ ቴልኔት የተባለውን የቀድሞ የርቀት መግቢያ ፖርት 23 ብቻ ሳይሆን 2323ንም ይፈትሽ ነበር። ከዚህ የሚብሰው፣ የኤስኤስኤች ሰርቨር ማንነቱን የማይደብቅ መሆኑ ነው፦ ግንኙነቱ እንደተከፈተ፣ ማንም ስም ወይም የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ፣ የፕሮቶኮሉንና የፕሮግራሙን ሥሪት የሚናገር አንድ መስመር ይልካል። በየትኛውም ፖርት ላይ ቢቀመጥ ያገኘው ሁሉ ምን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው ሾዳን የተባለው የፍለጋ አገልግሎትም ይህን የመሰለውን መረጃ ሰብስቦ ለፈላጊ ያቀርባል። በነገራችን ላይ፣ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ከ22.10 ሥሪቱ ወዲህ የኤስኤስኤች ግንኙነትን የሚቀበለው አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ ሶኬት በኩል ስለሆነ፣ በውቅር ፋይሉ ላይ ቁጥሩን ለውጦ አገልግሎቱን ብቻ ዳግም ማስነሳት ላይበቃ ይችላል፤ ቀየርኩ ብሎ የሚያምን ሰው በእርግጥ መቀየሩን ከሌላ ኮምፒውተር ሞክሮ ማረጋገጥ አለበት።

ፌይልቱባንን የሚመለከተው ነጥብ ብዙ ሰው የሚያምንበት ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ፕሮግራሙ ሎግ እያነበበ፣ ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ በፋየርዎል ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋል። አብሮት የሚመጣው ልክ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ማገድ ነው። አሠራሩ የተነደፈው ከአንድ አድራሻ እየተጣደፈ ለሚሞክር አጥቂ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የተጠለፉ መሣሪያዎችን የያዘ ቦትኔት ግን ከእያንዳንዱ አድራሻ በየጥቂት ሰዓቱ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እየሞከረ፣ ከተቀመጠው ልክ በታች ሆኖ ለወራት ሊቀጥል ይችላል። በአዲሱ የአድራሻ አሰጣጥ፣ በአይፒ ሥሪት 6፣ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፦ ለአንድ ተራ ደንበኛ የሚሰጠው አንድ ንዑስ መረብ ብቻውን ከ18 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አድራሻዎች ስላሉት፣ አድራሻን አንድ በአንድ የሚያግድ ጥበቃ መጨረሻ የለውም። በተቃራኒው፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የሥሪት 4 አድራሻ ኋላ በሚያስቀምጡበት ቦታ፣ በአንዱ ጥፋት የታገደው አድራሻ የሌሎችም፣ ምናልባትም የሰርቨሩ ባለቤት የራሱ ስልክ አድራሻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ ተጭኗል ማለት እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የመግቢያ ሙከራዎችን በቀድሞው የጽሑፍ ፋይል መመዝገቡን ትቶ በሲስተምዲ ጆርናል ብቻ ስለሚይዝ፣ ፌይልቱባን ፋይሉን ፈልጎ በማጣቱ ሳይነሳ የሚቀርበት ሁኔታ አለ፤ ጆርናሉን እንዲያነብ ካልተነገረው በቀር ባለቤቱ ተጠብቄአለሁ እያለ ምንም ጠባቂ አይኖረውም። ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬደው በዶከር የሚሠሩ አገልግሎቶችም የራሳቸው መዘዝ አላቸው። ዶከር አንድን ፖርት ለውጭ ሲከፍት የፋየርዎሉን ደንብ ራሱ ስለሚጽፍና ግንኙነቱ በሌላ የደንብ ሰንሰለት በኩል ስለሚያልፍ፣ በተለመደው ሰንሰለት ላይ የተጻፈው እገዳ አይደርስበትም። ይህንኑ ባለማወቅ በዩኤፍደብልዩ፣ በኡቡንቱ የፋየርዎል ማዘዣ፣ ፖርት ዘጋሁ ብለው በኮንቴነር ውስጥ ያለ ዳታቤዝ ለዓለም ሁሉ ክፍት ያደረጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ይህን ሁሉ የምለው ፌይልቱባን ይጣል ለማለት አይደለም። የይለፍ ቃል ከመጠየቅ ሊያመልጡ በማይችሉ የድረ ገጽ መግቢያዎች ላይ በእርግጥ ይረዳል። ለኤስኤስኤች ግን በጁላይ 2024 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 (በሰፊው የሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም ሥሪት) ደጋግመው የሚሳሳቱ አድራሻዎችን ራሱ የሚቀጣበት አሠራር ያለው ሲሆን፣ ይህም ሳይነኩት የበራ ነው። የይለፍ ቃል መግቢያው ከተዘጋ ደግሞ ፌይልቱባን የሚጠብቀው፣ ሊገመት የሚችል ነገር አይኖርም።

አገርን በጅምላ መዝጋት ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጥቃቱ የሚመጣው በየአገሩ ካሉ የኪራይ ሰርቨሮችና ከተጠለፉ የቤት መሣሪያዎች ስለሆነ የራስ አገር አድራሻም በውስጡ አለ፤ አድራሻን ከአገር ጋር የሚያዛምዱት ዝርዝሮች ግምታዊ ናቸው፤ መንገደኛው ባለቤትም ከገዛ ሰርቨሩ ውጭ ይቀራል። ሎግን ለመቀነስ ካልሆነ በቀር ድካሙን አያካክስም።

አሁን ዋናው ልዩነታችን ላይ ደርሰናል። ጸሐፊው ረጅም የይለፍ ቃል ከቁልፍ አያንስም ይላሉ፤ ሒሳቡን ብቻ ካየን እውነት አላቸው። ከ62 ፊደላትና ቁጥሮች በዕጣ የተመረጠ ባለ 12 ሆሄ የይለፍ ቃል ከ3 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አማራጮች አሉት፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ቢሞከር ሁሉን ለመጨረስ 100 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። እንዲህ ያለውን የይለፍ ቃል በጭፍን ሙከራ የሚያገኘው የለም። ችግሩ ያለው ከሒሳቡ ውጭ ነው። ሰው የይለፍ ቃሉን በዕጣ አይመርጥም፤ የመረጠውንም በሌላ ቦታ ይደግመዋል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ሾልኮ የወጣ ዝርዝር በአጥቂው እጅ ሲገባ ርዝመቱ ምንም አይረዳም፣ ለመግባት አንድ ሙከራ ይበቃልና። ደግሞም የሰርቨሩን ዕጣ የሚወስነው የባለቤቱ የይለፍ ቃል ጥንካሬ ሳይሆን ከሁሉም ተጠቃሚዎች ቃል ደካማው ነው። ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ «ቴስት» የሚባል ተጠቃሚ፣ ወይም ለቤተሰብ አባል የተሰጠ ቀላል ቃል፣ የባለቤቱን ባለ 30 ሆሄ ቃል ዋጋ ያሳጣዋል። የይለፍ ቃል መግቢያው ለሁሉም ሲዘጋ ግን የተረሳውም ተጠቃሚ አብሮ ይዘጋል።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይጠልቃል። በይለፍ ቃል ሲገባ ቃሉ ራሱ፣ በተመሰጠረ መስመር ውስጥም ቢሆን፣ ወደ ሰርቨሩ ይላካል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው የተደፈረ ወይም አስመሳይ ሰርቨር ከሆነ ቃሉን እንዳለ ይቀበላል። በቁልፍ ሲገባ የግል ቁልፉ ከላፕቶፑ አይወጣም፤ የሚላከው ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል ፊርማ ስለሆነ፣ ቢሰረቅም ለሌላ ግንኙነት አይውልም። ኤስኤስኤች ራሱ የተወለደው በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ታቱ ኢሎነን የሚባሉ ተመራማሪ በመረቡ ላይ የይለፍ ቃሎች ተጠልፈው መሰብሰባቸውን ካዩ በኋላ መሆኑን ስናስታውስ፣ የይለፍ ቃልን ከመንገዱ ላይ ጨርሶ ማንሳት የፕሮቶኮሉ የመጀመሪያ ዓላማ ተፈጥሯዊ ቀጣይ ነው ማለት ይቻላል።

ጸሐፊው ያነሱት ስጋት፣ ላፕቶፑ የጠፋበት ሰው ከሰርቨሩ ተቆልፎ ይቀራል የሚለው፣ በሩቅ የመረጃ ማዕከል ለተከራየ ሰርቨር ክብደት አለው። የቤት ሰርቨር ግን በክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ኪቦርድና ስክሪን ሰክቶ መግባት ይቻላል። ለየመሣሪያው የየራሱን ቁልፍ ማዘጋጀት፣ እያንዳንዱን በሚስጥር ሐረግ መቆለፍ፣ አንዱ ሲጠፋ የእሱን መስመር ብቻ ከተፈቀዱት ቁልፎች ፋይል ላይ መሰረዝ በቂ ነው። ከእሱ በኋላ የሌሎቹን መሣሪያዎች ቁልፍ መለወጥ አያስፈልግም፤ በይለፍ ቃል ግን አንዱ ጋ ሲጠፋ ሁሉም ጋ መለወጥ ግድ ነው።

ሥራው ከባድ ባይሆንም ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ሁለት ቦታ አለው፤ ጽሑፉ ቁልፍን አላስፈላጊ ውጣ ውረድ ብሎ ስላለፈው እዚህ ላስፍረው። ኢዲ25519 የተባለው የቁልፍ ዓይነት ተፈጥሮ ይፋዊው ክፍል ወደ ሰርቨሩ ከተላከ በኋላ፣ የተከፈተው ግንኙነት ሳይዘጋ በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባት መቻሉ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ በሰርቨሩ ውቅር «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን» የሚለው ይጠፋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ኬቢዲ ኢንተርአክቲቭ ኦተንቲኬሽን» የሚለውም አብሮ ካልጠፋ ግን ሥርዓቱ የይለፍ ቃሉን በዚያ በኩል መጠየቁን ሊቀጥል ይችላል። ሌላው ወጥመድ፣ በዋናው ፋይል ላይ የተጻፈው ሳይሆን አስቀድሞ የተነበበው ዋጋ የሚጸና መሆኑ ነው፦ በተጨማሪው የውቅር ፎልደር ውስጥ ሥርዓቱ ሲጫን የተቀመጠ ትንሽ ፋይል የይለፍ ቃልን የሚፈቅድ ከሆነ፣ በዋናው ፋይል ላይ የተጻፈው ክልከላ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፋይሉን ማንበብ አይበቃም፤ «ኤስኤስኤችዲ»ን በትልቁ «ቲ» አማራጭ አስኪዶ በእርግጥ የጸናውን ውቅር ማየት፣ ከዚያም ቁልፍ ከሌለው ኮምፒውተር ለመግባት መሞከር ያስፈልጋል። ሰርቨሩ መግቢያ ሲከለክል በቅንፍ ከሚዘረዝራቸው መንገዶች መካከል የይፋዊ ቁልፉ ብቻ ከታየ ሥራው አልቋል፤ የይለፍ ቃል ወይም የኪቦርድ ምልልስ አብሮ ከታየ ገና ነው።

ስድስተኛውን ነጥብ፣ ማዘመንን የሚቃወመውን፣ በምንም መልኩ ልቀበለው አልችልም። ቁልፍ የሚከላከለው ከግምት ነው፤ በፕሮግራሙ በራሱ ካለ ቀዳዳ አይከላከልም። በጁላይ 2024 ኳሊስ የተባለው ድርጅት ያሳወቀው «ሪግረኤስኤስኤችዮን» የተባለ ጉድለት፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉ የኦፕንኤስኤስኤች ሥሪቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ ያለ ምንም ስምና የይለፍ ቃል በሩት ሥልጣን ለመግባት ዕድል የሚሰጥ ነበር። እሱም በ2006 ተዘግቶ የነበረ ጉድለት በኋላ በተደረገ ለውጥ ተመልሶ መከፈቱ ነበር። ያላዘመነ ሰርቨር ፖርቱ ተቀይሮ፣ ፌይልቱባን ተጭኖ፣ ቁልፍም ተደርጎለት ለዚህ ጉድለት የተጋለጠ ነው።

ዝማኔ ራሱ መርዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል የሚል ካለ በማርች 2024 የተገለጠውን የኤክስዜድ (ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም) ጉዳይ እንደሚያነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ሲመረምር፣ በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር አገኘ። ነገር ግን እነዚያ ሥሪቶች የደረሱት በዋናነት አዲስ ነገር ሁሉ ቶሎ በሚገባባቸው የሙከራ ስርጭቶች ላይ ሲሆን፣ የዴቢያን የተረጋጋው ሥሪት አልተነካም። ከዚህ የሚወሰደው አለማዘመን ሳይሆን፣ የተረጋጋ ሥሪት ይዞ የደህንነት ዝማኔዎቹን ብቻ በራሳቸው እንዲጫኑ ማድረግ ነው፤ ዴቢያንም ሆነ ኡቡንቱ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላቸው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ነገር ከሁሉም ይልቅ አሳስቦኛል፤ ኤስኤስኤችን ለኢንተርኔት መክፈት በራሱ አስፈላጊ ነው ወይ? ተጠቃሚዎቹ ጥቂትና የታወቁ በሆኑበት ቤት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከማርች 2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል 5.6 ውስጥ የተካተተው ዋየርጋርድ፣ በሚያውቀው ቁልፍ ላልመጣ ጥቅል መልስ የማይሰጥ ቪፒኤን፣ ማለትም ከውጭ ወደ ቤቱ መረብ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ፣ ነው፤ እየዞረ ለሚፈትሽ አጥቂ ፖርቱ መኖሩ እንኳ አይታወቀውም። በራውተሩ ላይ ይህ አንድ የዩዲፒ ፖርት ብቻ ተከፍቶ ኤስኤስኤችና የቀሩት አገልግሎቶች ከቪፒኤኑ ውስጥ ሲደረሱ፣ ፖርት ስለ መቀየር፣ ስለ ማገድና ስለ አገር የተባለው ሁሉ ከነጥያቄው ይቀራል። ይህን ያደረገ ሰው ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎችን መፈተሽ አለበት፦ መሣሪያዎች ባለቤቱን ሳይጠይቁ ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደው የራውተሩ ዩፒኤንፒ መጥፋቱን፣ እና በአይፒ ሥሪት 6 የራውተሩ ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣውን መከልከሉን። በሥሪት 4 ራውተሩ አድራሻ ስለሚጋራ ሳያስበው የሚሰጠው መከለያ በሥሪት 6 የለም። ፍተሻውም ከቤቱ መረብ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ለምሳሌ በስልክ ዳታ፣ መደረግ አለበት፤ ከውስጥ የተዘጋ የሚመስለው ከውጭ ክፍት ሆኖ ይገኛልና።

ጸሐፊውን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ምክራቸውን ደረጃ በደረጃ የሚከተሉ አንባቢዎች እንዳሉ አይቻለሁና፣ ስድስተኛውን ነጥብ ከጽሑፉ እንዲያወጡት፣ የይለፍ ቃል መግቢያን መዝጋትንም ከፖርት መቀየር በፊት እንዲያስቀምጡት በአክብሮት እለምናለሁ። የይለፍ ቃል መግቢያቸውን ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርገው የቆዩት ደግሞ አዲሱን ውቅር ከማጽናታቸው በፊት በየተጠቃሚው የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል ላይ የማያውቁት መስመር እንዳለ፣ በጊዜ ሰሌዳ የሚነሱትን ሥራዎችና የተሳኩ መግቢያዎችን ዝርዝር ይመልከቱ። ቀድሞ የገባ ሰው የራሱን ቁልፍ አስቀምጦ ከሆነ፣ የይለፍ ቃሉ ሲዘጋ እሱ ውጭ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ መስመር የተገኘበት ሰርቨርም መስመሩ ተሰርዞ ሳይሆን ከመጠባበቂያ ቅጂ መረጃው ብቻ ተወስዶ እንደ አዲስ ተጭኖ ነው ወደ ሥራ መመለስ ያለበት።